ማስላት ሌላ፣ መፍረድ ሌላ

ስለ ንግድ ሥራ በዘመናችን ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ተቃዋሚ ያጣ አንድ ሐሳብ ቢኖር፣ ነጋዴውም ሆነ ባንኩ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሥራውን በራሱ ለሚሠራ መሣሪያ ቢሰጥ ጊዜ ይተርፈዋል፣ ጊዜ ከተረፈውም ውሳኔው ይቃናል የሚለው ነው። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህ ይህ ሐሳብ ከምሁራን ጉባኤ ወጥቶ የአደባባይ ንግግር ሆኗል፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይናገረዋል፣ የንግድ አማካሪ ያስተምረዋል፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣትም በደባርቅ ገበያ ከእህል መደብሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ አባቱን ይወቅስበታል። እኔ የዚህን ሐሳብ የመጀመሪያ እኩሌታ እቀበላለሁ፤ ሁለተኛውን ግን፣ ይኸውም ማሽን በፈጠነ መጠን ፍርድ ይቃናል፣ እንዲያውም ፍርዱን ራሱን ለማሽን ብንተውለት ይሻላል የሚለውን፣ በፍጹም ልቤ እቃወማለሁ። የምቃወመውም አዲስ ነገር ስለሚያስፈራኝ አይደለም፤ ከኮሶዬ አንሥቶ በአምባጊዮርጊስና በደባት አልፎ እስከ ደባርቅ በተዘረጋው በዚህ ደጋ አገር የሚያርሰውና የሚነግደው ሰው፣ ከማን እንደ መጣ በማያውቀውና ሊጠይቀው በማይችለው ብያኔ ኑሮው ሲወሰን ዝም ብሎ ማየት ስለማይገባ ነው።

አስቀድሜ ለማሽኑ የሚገባውን ክብር ልስጠው። ከሰው ይልቅ ማሽን የሚበልጥበት ሥራ አለ፤ እርሱም መቁጠር፣ መደመር፣ መመዘንና መመዝገብ ነው። የዱቤ ደብተሩን በየማታው የሚደምር ባለ ሱቅ ድካም ዐይኑን ሲከድነው አንዲት ዜሮ ዘሎ ቢያልፍ የወር ትርፉ ከእጁ ይወጣል፤ ብዙዎቹ የሒሳብ ሠራተኞቻችን የሚማሩት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ግን አይደክምም፣ አይዘልምም። የቢራ ገብስ ለብቅል ፋብሪካ ሲቀርብ የእርጥበቱ ልክ በመሣሪያ ሳይሆን ፍሬውን በጥርስ ሰብሮ በመገመት የሚወሰን ቢሆን፣ ገበሬው በገዢው አፍ ላይ ይወድቃል፣ ገዢውም በጎተራው ውስጥ የሚሻግት እህል ይረከባል፤ በመሣሪያ ሲለካ ግን ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይታያቸዋል። ከኮሶዬ ገደል ሥር ካለው ቆላ ተነሥቶ፣ ጎንደር ለሚማር ልጁ ብር ለማድረስ ቀኑን ሙሉ ዳገት ይወጣ የነበረ አባት ዛሬ በስልኩ በደቂቃ መላኩ በእውነት በረከት ነው፤ ይህንን የሚነቅፍ ሰው ከእኔ ወገን አይደለም።

ማስላትና መፍረድ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር ሊቃውንት መሄድ አያሻንም፤ የገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ልዩነቱን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ጠብቃ ኖራለችና። ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ተያይዞ እንደ መጣ የሚነገረው ባሕረ ሐሳብ፣ የዛሬ የኮምፒውተር ሊቅ ቢያየው የራሱን ሥራ የሚያይበት፣ ከፈቃድና ከስሜት የጠራ የስሌት ሥርዐት ነው። የ2016 ዓ.ም. አጽዋማትን ለማውጣት የሚሻ የአብነት ተማሪ 5500 ዓመተ ፍዳን ከ2016 ዓመተ ምሕረት ጋር ደምሮ 7516 ዓመተ ዓለምን ያገኛል፤ ይህን በ19 ሲገድፈው 11 ይተርፈዋል፣ ከዚያም አንዱን ሲተው ወንበሩ 10 ይሆናል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 20፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዑ 10 ይወጣለታል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ እንደ ተሳሳተ ያውቃል። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነውና የቅዳሜን ተውሳክ 8ን ሲጨምርበት ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ሰኞ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 መሆኑን የሚከራከር የለም።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሰው ፈቃድ አንዳች ቦታ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ነገር ግን ጾሙ ከገባ በኋላ አራሷ፣ አልጋ ላይ የዋለው ሽማግሌ፣ ጉልበቱ የከዳው የቀን ሠራተኛ እንደ ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ያው ስሌቱን በቃሉ የሚያውቀው አባት ወንበሩንና አበቅቴውን ወደ ጎን ትቶ፣ ሰውየውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዕድሜውን፣ ሕመሙን፣ የቤቱን ችግር ጠይቆ፣ ሰምቶና መዝኖ ቀኖናውን ይሰጠዋል። ስሌቱ ቀኑን ስቶ አያውቅምና የአራሷንም ነገር እርሱ ይቁረጠው የሚል ሊቅ ከጎንደር አድባራት አይወጣም። አባቶቻችን ለስሌት ሙሉ እምነታቸውን ሰጥተው ሳለ ፍርድን ግን አሳልፈው አልሰጡትም፤ ስሌቱ ቀኑን ከመፈለግ ድካም ስለ ገላገላቸው ሰውን ለመስማት ጊዜ አገኙ። የዛሬው ስብከት የገለበጠው ይህንን ሥርዐት ነው።

የተገለበጠበትም ቦታ ከሁሉ ይልቅ በብድር ላይ ይታያል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር «ቴሌብር መላ» የተባለውን የብድር አገልግሎት አመጣ፤ ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸውን አስከተሉ፤ የቴሌብር ደንበኞች ቁጥርም ዛሬ ከ40 ሚሊዮን አልፏል። ተበዳሪው ዋስ አያቀርብም፣ ቅጽ አይሞላም፣ ሰልፍ አይቆምም፤ ስልኩን ይነካል፣ ማሽኑም ቀድሞ በዚያው ስልክ የተመላለሰውን ገንዘብ አይቶ በደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ይገባሃል ወይም አይገባህም ይለዋል። በከተማ ለሚኖር፣ ደመወዙንም ወጪውንም በስልክ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም።

እስቲ ግን በዚያው ማሽን ፊት የደባት ገበሬ ይቁም። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን በገበያ ቀን አውርዶ በጥሬ ብር ይሸጣል፤ ከዚያው ብር የዕቁቡን ከፍሎ፣ የእድሩን ሰጥቶ፣ ጨውና ጋዝ ገዝቶ፣ የቀረውን በቤቱ ያስቀምጣል። ዕቁቡን ለዐሥራ አምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሳያጓድል የከፈለ ሊሆን ይችላል፤ በክፉ ዘመን ለጎረቤቱ የዘር እህል ያበደረ፣ የሞተ ወንድሙን ዕዳ ሳይጠየቅ የከፈለ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በስልክ አላለፈም፤ ስለዚህ በማሽኑ ዘንድ ይህ ሰው የለም። በአንጻሩ ከጓደኞቹ ጋር ያንኑ ጥቂት ብር ቀን ከሌት ሲያመላልስ የሚውል ሥራ ፈት ወጣት ብዙ እንቅስቃሴ ያለው ሰው መስሎ ይታያል። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያየውን ተናግሯል። ጥፋቱ ማሽኑ ያየው ሁሉ ያለው ሁሉ ነው ብለን የተቀበልነው የእኛ ነው።

ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በዚሁ ገጠር ሲያበድር የኖረው በሌላ መንገድ ነበር። ጎረቤታሞች ቡድን ይመሠርታሉ፣ አንዱ ለአንዱ ዋስ ይሆናል፣ የብድር ሠራተኛውም በእግሩ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። ይህ አሠራር ዘገምተኛ ነው፣ አድካሚም ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለው ስብሰባ መካከል አንዲት ሴት ተነሥታ «የእርሱ በሬ አምና ገደል ገብቶበታል፣ ዘንድሮ በመዋጮ ነው ያረሰ፤ ግን የሰው ገንዘብ በልቶ አያውቅም» ብትል፣ ይህች አንዲት ቃል የማሽኑን ሙሉ መዝገብ የምትገለብጥ ማስረጃ ናት። በሬው ገደል መግባቱ ዕዳ የመክፈል አቅሙን ይቀንሳል፤ በመዋጮ ማረሱ ግን ጎረቤቶቹ እንደሚያምኑት ይመሰክራል፤ ሁለቱን አስተያይቶ የቱ እንደሚበልጥ የሚመረምር ልቡና እንጂ ስሌት አይደለም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ አንድ ብርቱ መልስ አለው፤ እኔም አላድበሰብስበትም። «ኮሚቴው በዘመድ ያደላል፣ የብድር ሠራተኛው እጅ መንሻ ይቀበላል፣ መበለቲቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ባለ ርስቱን ያስቀድማል፤ ማሽን ግን ዘመድ የለውም፣ ጉቦ አይበላም» ይላል። በገጠራችን የኖረ ሰው ይህ አድልዎ መኖሩን አይክድም። ይሁን እንጂ አድሎኛ ሰው ስም አለው፣ ቤቱም ይታወቃል፤ የተበደለው ሰው ለአለቃው አቤት ይልበታል፣ በሽማግሌ ፊት ያቆመዋል፣ ባይሆን በፍርድ ቤት ይከሰዋል፣ ምንም ባይሳካለት እንኳ በአደባባይ ያሳፍረዋል። በማሽን ውስጥ የተሠራ አድልዎ ግን በአንድ ሰው ላይ ደርሶ አይቆምም፤ በጥሬ ብር የሚገበያየውን ገበሬ ሁሉ፣ በባሏ ስም የወጣ ስልክ የምትጠቀመውን ሴት ሁሉ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ የሚኖረውን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዐይነት፣ ያለ ድምፅ ይገፋቸዋል። የተገፋውም ሰው ወደ ባንክ መስኮት ሄዶ ምክንያቱን ቢጠይቅ «ሲስተሙ አይቀበልም» ይባላል፤ የሚመልስለት ወጣት እውነቱን ነው፣ ምክንያቱን እርሱም አያውቀውም። ከአድልዎ ሁሉ የከፋው አድራጊው የማይታወቅ አድልዎ ነው፤ ጉቦኛን የምንፈውሰው በተጠያቂነት ነው፣ ተጠያቂውን ከነጭራሹ በማጥፋት አይደለም።

ይህ የፍርሃት ትንቢት እንዳይመስል፣ በሕግ አክባሪነቷ በምትታወቀው በእንግሊዝ አገር የሆነውን እናስብ። የአገሪቱ ፖስታ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. የፉጂትሱ ኩባንያ የሠራውን ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በየመንደሩ ቅርንጫፎቹ አስገባ። ሲስተሙ ጉድለት ነበረበትና በቅርንጫፍ ኃላፊዎች ሒሳብ ላይ ያልጎደለውን ገንዘብ ጎደለ እያለ ይመዘግብ ጀመር። ኃላፊዎቹ አልሰረቅንም ብለው ቢጮኹም፣ ፖስታ ቤቱ ማሽኑን አመነ፤ የአገሪቱም ሕግ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል እንደሠራ ይገምት ነበርና ፍርድ ቤቶቹ ማሽኑን አመኑ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱም ወኅኒ የወረዱ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ንጽሕናቸው ሳይታወቅላቸው የሞቱ አሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሲስተሙን ጉድለት በፍርድ ያረጋገጠው በ2019 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ነው፤ ፓርላማውም ፍርዶቹን በአዋጅ የሻረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ሲስተም የተተከለው ጊዜን ለማትረፍና ሒሳብን ለማቃናት ነበር። ያተረፈው ደቂቃ ስንት እንደሆነ አላሰላሁም፤ የወሰደው ግን የብዙ መቶ ንጹሐን ሃያ ዓመት ነው።

በእኛም አገር ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከላይ ያሰላሁት ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስሕተት ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዳረሰ፣ በየኤቲኤሙ ፊት ሰልፍ ተሠራ፣ ባንኩም ነቅቶ አገልግሎቱን ሲዘጋ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ገንዘብ ያለ አግባብ ወጥቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ከተጻፈው ብዙው የተማሪዎቹን ግብረ ገብ የሚመለከት ነበር፤ ያ ነገር ተገቢ ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሽኑ በዚያች ሌሊት አልደከመም፣ አልተኛም፣ የታዘዘውን ሁሉ በታማኝነት ፈጸመ፤ ያልቻለው አንድ ነገር ቢኖር መገረም ነው። በመስኮት በኩል የሚከፍል አንድ ተራ ገንዘብ ያዥ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ተማሪ በአንድ ሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ እጁን ከብሩ ላይ አንሥቶ «ቆይ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ባለ ነበር። ገንዘቡም አብዛኛው የተመለሰው በማሽን አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መክረው፣ ባንኩ ስም ለጥፎና አስጠንቅቆ፣ ሰው ከሰው ተነጋግሮ ነው። በሰዓታት የጠፋውን ለመመለስ ሳምንታት ፈጀ፤ ይህም ወጪ በአውቶሜሽን ትርፍ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው ወደ ራሱ ልመለስ፤ ተራው የንግድ ውሳኔ፣ መቼ ልግዛ፣ መቼ ላቆይ፣ መቼ ልሽጥ የሚለው፣ የተለየ መስሎ ይታያልና። አማካሪው «የአምስት ዓመት ዋጋህን አስገባ፣ ፕሮግራሙ ይነግርሃል» ይለዋል። መልካም፤ ያለፉት ዓመታት ግን ለሰሜን ጎንደር ነጋዴ ምን ዐይነት ዓመታት ነበሩ? በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደባት ወረዳ ደርሶ በጭና መንደር ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከዚያ ወዲህ ድርቅ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ሕዝቡን ለረኀብ አደረሰ፤ መንገድም አንድ ሳምንት ሲከፈት አንድ ሳምንት ሲዘጋ ሰነበተ። የእነዚህ ዓመታት አማካይ የየትኛውም ዓመት መልክ አይደለም። ጦርነት የወለደውን ዋጋ ከድርቅ ዋጋ፣ የድርቁንም መኪና በመቅረቱ ከተወደደው ለይቶ፣ ይህኛው ይጣል፣ ያኛው ይያዝ የሚል ሰው ከሌለ፣ ማሽኑ መከራችንን እንደ ልማዳችን ቆጥሮ በዚያ ላይ ትንቢት ይናገራል።

የደባትን የእህል ነጋዴ ሲገዛ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። የጆንያው አፍ ተከፍቶ ከላይ ያለው ገብስ ደርቆ ነጭ ሆኖ ሲታይ አይበቃውም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ይከታል፣ ከታች ያለው እህል ቀዝቅዞ እንደሆነ ይዳብሳል፣ አንድ እፍኝ አውጥቶ ያሸታል፤ ይህንንም እያደረገ ከሻጩ ጋር ያወራል። ወሬው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በጥቅምት ውርጭ የትኛውን ዳገት እንደ መታ፣ ከሊማሊሞ ማዶ የመጣው ሹፌር መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደ ቆመ፣ ሻጩ እህሉን የሚሸጠው ስለ ተረፈው ይሁን ወይስ ልጁ ታሞበት፣ ከዚያ ጨዋታ ውስጥ ይለቅማል። እርጥበቱን በእርግጥ መሣሪያው ከክንዱ ይልቅ አጥርቶ ይለካለታል፣ ሊገዛውም ይገባል ብዬ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ወሬውን ግን የሚለካ መሣሪያ አልመጣም፤ የክረምቱን ዋጋ የሚያስገምተው ደግሞ ከእርጥበቱ ይልቅ ወሬው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሲቋቋም አስቀድሞ የታሰበለት የእህል ንግድ እንደነበረ፣ እህሉ ግን በፈቃዱ ሳይመጣ ቀርቶ ገበያው የቆመው በሕግ ግዴታ በገቡት በቡናና በሰሊጥ እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ያ ተቋም በብዙ ነገር የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን እንደዚያ ባለ ብልሃት የተሠራ ገበያ እንኳ የእህል ነጋዴውን የቆየ እውቀትና መተማመን በአዋጅና በሰሌዳ መተካት አልቻለም።

«እንግዲያው ያንን እውቀት ሁሉ ጽፈን ለማሽኑ እናስገባለት» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉ የተሻለው ሐሳብ ነው፤ ዋጋውን ግን ይወቁት። በዚሁ በደባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ያን ጊዜ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝቡን መወለድ፣ መሞትና መፍለስ የሚከታተል የምርምር ጣቢያ ተክሏል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ዳገት ወጥተው ቁልቁለት ወርደው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፤ ሰው በሞተበት ቤት ደግሞ ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጠው፣ ሟቹ ምን እንደ ተሰማው፣ ስንት ቀን እንደ ታመመ ከኀዘናቸው መካከል ሰምተው ይጽፋሉ፣ ሐኪምም ያንን አንብቦ የሞቱን ምክንያት ይወስናል። ኮምፒውተሩ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ ጣቢያ የወጣው ቁጥር በዓለም ምሁራን ዘንድ የታመነው በመርገጥና በመስማት ስለ ተገኘ ነው። ለንግዱ ግን እንደዚያ የሚረግጥና የሚሰማ ሰው ደመወዝ ማን ከፈለ? በስልክ ያለፈውን ብቻ ሰብስበን፣ ርካሽ የሆነውን መረጃ እውነተኛ መረጃ ብለን ሰየምነው።

ስለ ጊዜም እውነቱን እንነጋገር። ተረፈ የሚባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የተዛወረ ነው። የባንኩ ጸሐፊ ቅጽ ከመሙላት ድኗል፤ ነገር ግን ኔትወርክ በተቋረጠ ቀን ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ የመጣው ባላገር በሩ ላይ ይውላል፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ሲባልም የነገውን ቀን ከእርሻው ላይ ይቆርሳል፤ ይህ ቀን በማንም የትርፍ መዝገብ አይጻፍም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ሲቆይ፣ የዕቃውንና የዕዳውን መዝገብ በሩቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያኖረ ነጋዴ የገዛ ሀብቱን ማየት ተስኖት ነበር፤ በወረቀት መዝገብ የያዘው ግን ሱቁን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ይህን የምለው ወደ ወረቀት እንመለስ ለማለት ሳይሆን፣ የመወሰን ችሎታውን ከራሱ አውጥቶ በሽቦ ጫፍ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሽቦው ሲቆረጥ ከመዝገቡ ጋር ማስተዋሉንም እንደሚያጣ ለማሳሰብ ነው።

በእውነት የተረፈውስ ጊዜ የት ገባ? ማሽኑ የብድር ሠራተኛውን ከመደመርና ከመጻፍ ካሳረፈው፣ ያ ሠራተኛ የተረፈውን ሰዓት ይዞ ወደ ቀበሌው መውጣት፣ የተበዳሪውን ማሳ ማየት፣ ጎረቤቱን መጠየቅ ነበረበት፤ መልካም ፍርድ ሌላ ምንም ሳይሆን ለአንድ ሰው ነገር የተሰጠ ጊዜ ነውና። የሆነው ግን ሠራተኛው ወደ መንደር መውጣቱን መተዉና ተቋሙም ሠራተኛ ማነሱን እንደ ትርፍ መቁጠሩ ነው። ለፍርድ ይውል ዘንድ የተረፈውን ጊዜ ከፍርዱ ጋር አብሮ ያስወገደ አሠራር ውሳኔን አቃንቷል ብሎ ማወደስ፣ ያልዘሩትን አጨድን እንደ ማለት ነው።

የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም፣ በዚህ አገር አቅምም ሊፈጸም ይችላል። ነጋዴው የሒሳብ ፕሮግራሙን ይግዛ፣ የሽያጩንም የዕዳውንም ቁጥር ማሽኑ ይደምርለት፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ግን ዋናውን ገጽ በወረቀት አትሞ በመደብሩ ያኑር፣ ፕሮግራሙ ግዛ ያለውን ከመግዛቱም በፊት አንድ የገበያ ቀን ቆሞ ይጠይቅ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ዋጋ ሲተምን የማሽኑን ግምት በጉባኤ ያንብብ፣ ግምቱ ከየትኛው ዓመት እንደ ተወሰደም ለአባላቱ ያስረዳ፣ አባላቱም ይህ ዓመት የጦርነት ነው፣ ይጣል ማለት ይቻላቸው። ባንክም ሆነ የቴሌኮም ድርጅት በማሽን ያበድር፣ ፈቃድ ሲሆን በደቂቃ ይፍቀድ፤ እምቢ ሲል ግን እምቢታው በማሽን አይለቅ። ምክንያቱ በግልጽ አማርኛ ለተበዳሪው ይነገረው፣ ፈራሚው ሰው በስሙ ይታወቅ፣ አቤቱታውንም የሚሰማና የማሽኑን ብያኔ የመሻር ሥልጣን ያለው ሠራተኛ በአዲስ አበባ ሳይሆን በደባትና በደባርቅ ይቀመጥ፤ ያ ሠራተኛ የሻረውም ነገር ሁሉ ከነምክንያቱ ተጽፎ ማሽኑን ለሠሩት ሰዎች በየወሩ ይላክ፣ እነርሱም ለእያንዳንዱ በጽሑፍ መልስ ይስጡበት።